ጌታውን አፍ የሚያስለውጥ አሽከር

ሰው ሥራውን የሚያቀልለት መሣሪያ ባገኘ ቍጥር ደስ ይለዋል፤ ደስታውም አይነቀፍም። ይሁን እንጂ መሣሪያው ማንን እንደሚያገለግልና ማንን ደጅ እንደሚያስጠና መመርመር የተገባ ነው። እነሆ በዘመናችን ስሙ ሲጠራ የሚነቃ፣ ሰዓት የሚናገር፣ መብራት የሚያበራ፣ ለተጠየቀው ሁሉ በድምፅ የሚመልስ ረዳት በስልክና በቤት ዕቃ ውስጥ ገብቷል። አፕል የተባለው ኩባንያ ሲሪን በ2004 ዓ.ም.፣ አማዞን ደግሞ አሌክሳን በ2007 ዓ.ም. አወጡ። የሚያመሰግኑት ሰዎች እጅና ዐይን የሚያሳርፍ አሽከር ነው ይሉታል። እኛም እንደ አሽከርነቱ እንመዝነው።

አሽከሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለማን ነው? ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ የከተማ ሰው ጣቱን ቢያንቀሳቅስ የሚፈልገውን ያገኛል፤ ለእርሱ ይህ ረዳት ምቾት ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ በቦረና ገጠር የሚኖሩ፣ ፊደል ያልቈጠሩ አንዲት እናትን ግን እናስብ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ በስልክ ገንዘብ ሲልክላቸው መልእክቱ በጽሕፈት ይመጣል። ስንት ብር እንደ ገባ ለማወቅ የጎረቤት ልጅ ይጠራሉ፤ የምስጢር ቍጥሩንም ለዚያው ልጅ ይነግራሉ። የገዛ መቀነታቸው ቋጠሮ በሌላ ሰው እጅ ሆነ ማለት ነው። ልጁ ታማኝ ሲሆን ደግ ነው፤ ባይሆንስ? የሚሰማና የሚናገር ስልክ ቢገኝ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው እኒህን እናት ነበር። ለእርሳቸው ነገሩ ምቾት አይደለም፤ ከሰው እጅ መውጣት ነው።

እንግዲህ ለእርሳቸው ተሠርቷልን? ሲሪም ሆነ አሌክሳ አማርኛ አይሰሙም። ጉግል በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ተናግሮ በማጻፊያ አገልግሎቱ ላይ አማርኛን ጨምሯል፤ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ነገር ግን ለማያነብ ሰው ጽሕፈቱ ምን ይሆነዋል? በአገራችን ወደዚህ ነገር የሚቀርበው በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የተጀመረው 8028 ነው። ገበሬው ያለ ክፍያ ይደውላል፤ የተቀዳ ድምፅም ስለ እርሻው በቋንቋው ይነግረዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ከአሌክሳ የከበረ ሐሳብ ነው፤ ስለምን ቢሉ፣ ተራውን ባለ ቍልፍ ስልክ ለያዘ ሰው የታሰበ ስለ ሆነ ነው። ጕድለቱ የተቀዳው ድምፅ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ገበሬው «ስንዴዬን ዋግ መታብኝ» ቢለው አይገባውም፤ መንገዱ ቍጥር መጫን ነው።

የሚሰማ ጆሮ እንዴት ይሠራል ቢባል፣ በብዙ ሰዎች ድምፅ ይሠለጥናል። ለአማርኛ ቀደም ብለው ከተዘጋጁት የድምፅ ክምችቶች አንዱ ሰሎሞን ተፈራ አባተ ከባልደረቦቹ ጋራ በ1997 ዓ.ም. ያቀረበው ነው። 20 ሰዓት ያህል ንባብ አለበት፤ ካነበቡት 100 ሰዎች 80ው የአዲስ አበባን አነጋገር የሚናገሩ ሲሆኑ፣ ለሌላው የአማርኛ አነጋገር ሁሉ የቀሩት 20 ናቸው። የተነበበውም የዜና ዐረፍተ ነገር ነው። ለፈር ቀዳጅ ሥራ ትልቅ ድካም ነውና ነቀፌታዬ በአዘጋጆቹ ላይ አይደለም። ነገር ግን ልማዱ አልተለወጠም። ሞዚላ ባቋቋመው ኮመን ቮይስ በሚባለውም የድምፅ ማኅደር ፈቃደኛው ድምፁን የሚሰጠው፣ በአብዛኛው፣ ተጽፎ የቀረበለትን ዐረፍተ ነገር እያነበበ ነው። ልብ በሉ፤ ማንበብ የማይችል ሰው በዚህ በር አይገባም። ጆሮው የሚሠለጥነው በተማሩት ድምፅ ነው፤ ጆሮው የሚያስፈልጋቸው ግን ያልተማሩት ናቸው! በዜና ውስጥ «አብሽር» ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል? የወሎ ሰው ግን የተከዘውን ሲያጽናና የሚለው ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያለው ረዳት ቦረና ቢገባ የሚሆነው የታወቀ ነው። እናቲቱ አንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ አልሰማም ይላል። ጮኽ ብለው ይደግማሉ፤ አሁንም አልሰማም ይላል። በሦስተኛው ስድሳ ዓመት የተናገሩበትን አፋቸውን አጥፈው የራዲዮ ሰው መስለው መናገር ይጀምራሉ፤ ወይም አፍረው ስልኩን ያስቀምጡና የጎረቤቱን ልጅ ይጠራሉ።

የአክብሮቱ ነገርም ቀላል አይደለም። በእንግሊዝኛ ትእዛዙ ለሎሌም ለሹምም አንድ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን «ንገረኝ»፣ «ንገሪኝ»፣ «ይንገሩኝ» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጡ ማዘዝ አይቻልም። ሠሪዎቹ ራሳቸው ሕፃናት ያለ ምስጋና ማዘዝን እንዳይለምዱ ሠግተው፣ አማዞን በ2010 ዓ.ም. «እባክሽ» ያለውን ልጅ አሌክሳ እንድታመሰግነው አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ታዛዥ ረዳቶችን ሁሉ የሴት ድምፅ ማልበስ ሴትን ለመታዘዝ የተፈጠረች ያስመስላል ሲል ነቅፏል። በአማርኛ ነቀፌታው እጥፍ ይሆናል፤ «አንቺ፣ አምጪ» የሚለው ቃል በቀጥታ ከቤት ሠራተኛዋ ላይ ያርፋልና። በተገላቢጦሹም፣ አገር «አንቱ» የሚላቸውን አሮጊት ማሽኑ «ቍጥርህን ንገረኝ» ቢላቸው ምን ይሰማቸው ይሆን? የትርጕም ማሽኖች ሰውን ሁሉ «አንተ» ማለት እንደሚቀናቸው የሞከረ ያውቃል።

ጆሮ ያለው አሽከር ወሬ ያወጣል የሚለውም ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ የአሌክሳንና የሲሪን ቅጂዎች ተቀጣሪ ሰዎች ያዳምጡ እንደ ነበር በ2011 ዓ.ም. ጋዜጦች ገልጠዋል።

ስለዚህ ለአማርኛ የሚሰማ ረዳት እንሠራለን የሚሉ ሁሉ መቅጃቸውን ይዘው ወደ መካነ ሰላም ገበያ ይውጡ። የሚነበብ ወረቀት አያቅርቡ፤ የእህሉን ዋጋ፣ የዝናቡን ነገር፣ የልጁን ደኅንነት ጠይቀው ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ሲያወጉ ይቅዱ። ድምፁ ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚያዳምጠው አስቀድመው በቃል ያስረዱ፤ ለሰጡትም የቀናቸውን ዋጋ ይክፈሉ። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚፈትኑት እኒያ እናት ይሁኑ፤ ገንዘባቸውን ያለ ጎረቤት ልጅ መቍጠር ካልቻሉ ወደ ገበያ አይውጣ።