«የሰሚ ሰሚ ማስረጃ»፦ ስለ አንድ የሕግ ስያሜ

በሕግ መጻሕፍት፣ በችሎት ንግግርና በፍርድ ትርጉሞች «የሰሚ ሰሚ ማስረጃ» የሚለው ስያሜ የእንግሊዝኛው «ሂርሴይ» አቻ ሆኖ ከተለመደ ቆይቷል። ከሕዝብ አነጋገር የተወሰደ፣ ለጆሮ የማይጎረብጥና ለማስታወስም የቀለለ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስያሜው ከጽንሰ ሐሳቡ ጋር በሁለት አቅጣጫ እንደማይገጥም ማሳየት ነው፤ ባንድ በኩል ይጠባል፣ በሌላ በኩል ይሰፋል። በወንጀል ክርክር ውስጥ ይህ ልዩነት የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አስቀድሞ ስለ አጻጻፉ። በአንዳንድ ጽሑፎች «የስሚ ስሚ» ተብሎ ይገኛል። «ሰሚ» ከ«ሰማ» የወጣ የአድራጊ ስም ሲሆን «የሰሚ ሰሚ» ከሰማ ሰው የሰማ ማለት ነው። «ስሚ» ግን ለአንዲት ሴት የሚነገር ትእዛዝ ነው። ቃሉ «ስሚ፣ ስሚ» ከሚለው የወሬ መክፈቻ መጥቷል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ቢሆንም እንኳ ወሬን እንጂ ማስረጃን አይሰይምም። ይህ በእርማት የሚቃና ስለሆነ እንለፈው።

ዋናው ችግር ስያሜው ጆሮ መቁጠሩ ነው። አቶ ሀ ተናገረ፤ ወይዘሮ ለ ሰማች፤ አቶ ሐ ደግሞ ከወይዘሮ ለ ሰማ እንበል። በአማርኛው ስያሜ መሠረት የሰሚ ሰሚ የሚባለው አቶ ሐ ብቻ ነው። ወይዘሮ ለ በገዛ ጆሮዋ የሰማች፣ ስለዚህም ቀጥተኛ ምስክር ትመስላለች። በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግ ግን አቶ ሀ የተናገረው ነገር እውነት መሆኑን ለማስረዳት ከቀረበች ወይዘሮ ለም በክልከላው ውስጥ ትወድቃለች። ሕጉን የሚያሠጋው በመካከል ያለው የጆሮ ብዛት ሳይሆን የአቶ ሀ ከችሎት መጥፋት ነውና፤ አቶ ሀ አልማለም፣ መስቀለኛ ጥያቄ አልቀረበለትም፣ ዳኛውም ሁኔታውን አላየም።

ከዚህ አልፎ ጆሮ ፈጽሞ የማይገባበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በማየርስ ጉዳይ የመኪና ፋብሪካ መዝገብ በዚሁ ክልከላ ሥር እንደሚወድቅ ወስኗል። መዝገቡ ስማቸው የማይታወቅ ሠራተኞች የጻፏቸውን የሞተር አካል ቁጥሮች የያዘ ነበር። ውሳኔው ባስከተለው ችግር በዓመቱ አዲስ ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የእንግሊዝ የወንጀል ፍትሕ ሕግ ደግሞ በሥዕል የተሰጠን መግለጫ ጭምር በትርጉሙ ውስጥ አካቷል። ቁጥር የጻፈን ሠራተኛ ወይም የወንጀለኛን መልክ ያሣለን ሰው በምን መንገድ «ሰሚ» ልንለው እንችላለን?

በሌላ በኩል ስያሜው ይሰፋል። ሰው ሰምቶ የሚናገረውን ሁሉ እንድንጠረጥር ያደርገናል። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1956 የብሪታንያ ንጉሣዊ ሸንጎ (ፕሪቪ ካውንስል) የወሰነው የሱብራማኒያም ጉዳይ ነው። ሰውዬው በማላያ ጥይት ይዞ በመገኘቱ ሞት ተፈርዶበት ነበር። መከላከያው ሽምቅ ተዋጊዎች ይዘውት በዛቻ እንዳስገደዱት ነበር፤ የሥር ዳኛው ግን ዛቻውን እንዳይናገር ከለከሉት፤ ያልቀረቡ ሰዎች ቃል ነው በማለት። ሸንጎው ፍርዱን ሻረው። የዛቻው ቃል የተፈለገው እውነት ለመሆኑ አልነበረም፤ ለመነገሩና በሰሚው አእምሮ ላይ ለፈጠረው ፍርሃት እንጂ። እንግዲህ ተመሳሳይ ቃል እንደ ቀረበበት ዓላማ ይከለከላል ወይም ይፈቀዳል። የጽንሰ ሐሳቡ እምብርት ይህ ነው፤ «የሰሚ ሰሚ» ግን ስለ ዓላማ አንዳች አይናገርም።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 ምስክር በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ስለሚያውቀው ነገር እንዲጠየቅ ደንግጓል። «በተዘዋዋሪ ማወቅ» ከሌላ ሰው መስማትን ይጨምራልን? የሕግ ሰዎች የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 የተሻረው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ደግሞ በአንቀጽ 23 የሰሚ ሰሚ ማስረጃንና ቀጥተኛ ያልሆነ ማስረጃን ባንድ ንኡስ አንቀጽ፣ «ወይም» በሚል ቃል አያይዞ፣ ተቀባይነት እንዲኖራቸው አድርጎ ነበር። «ወይም» በአማርኛ ሁለት ነገር ይለያል፤ አንዱን ነገር በሌላ ስሙም ይጠራል። አንባቢ የትኛውን ይያዝ? በጭቃ ላይ የተገኘ የእግር ዱካ ቀጥተኛ ያልሆነ ማስረጃ ነው፤ ግን ማንም አልተናገረውም፣ ማንም አልሰማውም። ሁለቱን እንደ አንድ የሚያነብ ዳኛ፣ ቀሪ ሰው በተናገረው ብቻ አንዱን ዜጋ ለመቅጣት የሚያስችል በር ከፍቷል። ይህን ያህል ክብደት ባንድ መስተፃምር ላይ ባይጫን ይሻል ነበር።

ከክልከላው ውጭ የሚቆሙት ልዩ ሁኔታዎች ስያሜም ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1789 በለንደን በዉድኮክ ጉዳይ እንደ ተወሰነው፣ በግድያ ክስ ሟች ከመሞቱ በፊት የመዳን ተስፋ ቆርጦ የተናገረው ቃል ማስረጃ ይሆናል፤ የሞት መቃረብ የመሐላን ያህል ኅሊናን ይይዛል ተብሎ ስለ ታመነ። ይህን «ኑዛዜ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። ኑዛዜ ለአማርኛ አንባቢ ወይ የውርስ ሰነድ ነው፣ ወይ ለንስሐ አባት የሚነገር ኃጢአት ነው፤ ተናዛዡም ስለ ራሱ እንጂ ስለ ገዳዩ አይናዘዝም። «የሟች ቃል» የሚለውም ሰፊ ነው፤ በአንቀጽ 144 መሠረት በቀዳሚ ምርመራ ለፍርድ ቤት ቃሉን ሰጥቶ ኋላ የሞተ ምስክርም ቃሉ የሟች ቃል ነውና። «በሞት አፋፍ የተነገረ ቃል» ቢባል ሁለቱ ይለያያሉ። በድርጊቱ መካከል ሳይታሰብ ለሚወጣው ንግግር ግን አማርኛ አይቸገርም፤ ጎረቤት ሰምቶ የሚደርስለት «ኡኡታ» ከላቲኑ ስያሜ ይልቅ ሐሳቡን ያቀርባል፣ የቃሉ ወሰን ትንሽ የጠበበ ቢሆንም።

ለተርጓሚዎች ግን ከስያሜው ይልቅ የሚከብደው «አለ» የሚለው ግስ ነው። ምስክሩ «ተከሳሹ መታሁት አለ» ቢል በተለመደው አረዳድ የመታው ተከሳሹ ነው። ነገር ግን «ተከሳሹ፣ እኔ ምስክሩ እንደ መታሁት ተናገረ» የሚል ንባብም ሰዋስዉ አይከለክልም። ይህ ባሕርይ በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው፤ በአማርኛ የአንደኛ መደብ ምእላድ በ«አለ» ሥር ሲገባ ወደ ተጠቃሹ ተናጋሪ ሊዞር ይችላል። በጽሑፍ ትእምርተ ጥቅስ ይለየው ይሆናል፤ በችሎት ግን ትእምርተ ጥቅስ አይሰማም።

ሌላም አለ። «መታሁት አለ» የሚለው አነጋገር የተከሳሹን ቃል እንዳለ የጠቀሰ ይመስላል፤ ምስክሩ ግን ፍሬ ነገሩን ብቻ በራሱ ቃል ሊያቀርብ ይችላል፤ የቋንቋው ልማድ ነውና። ይህን «እኔ መታሁት» ብሎ በጥቅስ ምልክት ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ ያልተነገረ የእምነት ቃል ፈጥሯል። «እንደ መታው ተናገረ» ብሎ የሚመልሰውም በትክክል ተነግሮ የነበረውን ቃል አላልቶታል። ተርጓሚው ከመምረጡ በፊት ምስክሩ «ቃሉን እንዳለ ነው ወይስ ሐሳቡን?» ተብሎ እንዲጠየቅ ለዳኛው ማሳሰብ ይገባዋል።

ስለ ስያሜው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። «የሰሚ ሰሚ» አይጣል፤ ቃል ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች ተቀባብሎ ለደረሰበት ማስረጃ ብቻ ይወሰን። የአሜሪካ የፌዴራል የማስረጃ ደንቦችም ለዚህ ዓይነቱ የተለየ ደንብ አላቸው፤ እያንዳንዱ ቅብብል ለየብቻው ይመዘናል። ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ ግን «ከችሎት ውጭ የተሰጠ ቃል» ይሁን። «ቃል መስጠት» በሕግ አማርኛ በአፍም በጽሑፍም ለሚደረገው ያገለግላል፤ «ከችሎት ውጭ» የሚለውም ዓይንን ከጆሮ ብዛት ወደ ተናጋሪው መቅረት ይመልሳል። ዓላማን አይገልጽም ቢባል እውነት ነው፤ እርሱ በስያሜው ሳይሆን በፍቺው ውስጥ «ለይዘቱ እውነትነት የቀረበ» ተብሎ መግባት አለበት። ሥዕል የሚያስከትለው ችግር አሁንም አልተፈታም፤ «ቃል»ን እስከዚያ ድረስ መለጠጥ ይቻል እንደሆነ የሕግና የቋንቋ ባለሙያዎች አብረው ሊያዩት ይገባል።