አለላና የማዳበሪያ ክር

በአንዳንድ ማሠልጠኛዎች የተሰፋ መሶብ በቀለሙ ዓይን ይስባል፤ እጅ ሲያርፍበት ግን ይላላል። ብዙዎች ጥፋቱን ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘው ክር ላይ ይደፉታል። እኔ አልስማማም። ክሩ የከተማ ልጅ አለላ ሳታባክን እጇን የምታፍታታበት ርካሽ መለማመጃ ነው፤ ሣር በሌለበት ሰፈርም ሙያውን ያቆያል።

ችግሩ ክሩ ስሕተትን መሸፈኑ ነው። ስንደዶ ካልራሰ ይሰበራል፤ ከልክ በላይ ከተሳበም ይበጠሳል። ወስፌው የታችኛውን ዙር በቦታው ካልወጋው አክርማው ያፈነግጣል፣ ስፌቱም ይጣመማል። እናት ልጇን ስታስለምድ ቃል የማታበዛው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሣሩ ራሱ ይቆጣል። ክር ግን የፈለጉትን ያህል ቢጎትቱት ችሎ ያድራል። በክር ብቻ የሠለጠነች ልጅ ጥለት ታውቃለች፣ ማጥበቅን አታውቅም። (ጥለቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከፎቶግራፍ የተገለበጠ ነው።)

የሐረር ሴቶች በቤታቸው ግድግዳ የሚሰቅሉትን ስፌት ልብ ይሏል። ጥለቱ ከዙሩ ጋር አብሮ እየተቆጠረ ያድጋል እንጂ በኋላ የሚለጠፍ ጌጥ አይደለም። ይህን ደግሞ ፎቶግራፍ አያስተምርም። ሥልጠናው ሦስት ሳምንት ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱ ለሣሩ ይሰጡ፤ ክሩ በሦስተኛው ይደርሳል።