ቀጠሮ የተሰጠው ሐሳብ

ዘንድሮ ወደ ትምህርት ቤታችን የተመደበ አንድ ወጣት የፊዚክስ መምህር የማጠናከሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ጠብቆ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። መጽሐፉን ገልጠው ይቀመጣሉ፤ ዐይናቸው ገጹ ላይ ነው፣ ልባቸው ግን ሌላ ቦታ። 'ሐሳባችሁን ሰብስቡ' ስላቸው ጥቂት ይሞክሩና ተመልሰው ይሄዳሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?»

አምቦም ሆነ ጊንጪ፣ ጉደርም ሆነ ጌዶ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚያስተምር ሁሉ ይህ ጥያቄ አለበት። አጭሩን መልስ እዚያው ነግሬዋለሁ። ረጅሙን ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ጉዳይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር ስለማልስማማ ነው፤ ክርክራችንም በሻይ ሰዓት የሚያልቅ አይደለም።

አቋሜ ይህ ነው፦ የሚረብሽ ሐሳብ አይባረርም፤ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ጉዳይ ይዞ ደጃፍ የመጣን ሰው «ሂድ» ቢሉት እዚያው ቆሞ ያንኳኳል፤ «ቅዳሜ ጠዋት ና» ቢሉትና ቃሉን ቢያምን ግን ይሄዳል። ሐሳብም እንደዚሁ ነው። «አታስብ» የሚለው ምክር ከልብ የሚሰጥ ቢሆንም አይሠራም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ድቡ ትዝ ካላቸው ደግሞ ደወል እንዲመቱ ጠይቀው ነበር። ደወሉ ደጋግሞ ተመታ። ከዚያ በኋላ «አሁን አስቡ» ሲባሉ፣ ቀድሞ ያልተከለከሉት ሰዎች ካሰቡት በላይ አሰቡት። ክልከላው ራሱ ሐሳቡን መግቦታል። እኛም ክፍል ውስጥ «ስለ ሌላ ነገር አታስቡ» እያልን ስንጮህ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ምን ያስባሉ? ከጊንደበረት መጥተው አምቦ ላይ አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተው ይማራሉ። ከቤት በመኪና የሚላከው ስንቅ ዘንድሮ ዘግይቷል። አከራይዋ በወሩ መጨረሻ ኪራይ እጨምራለሁ ብለዋል። የቤቱ በሬ ታሟል፤ የእርሻው ጊዜ ግን አይጠብቅም። ታላቅ ወንድም ተመርቆ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። ልጁ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚመጡበት እነዚህ ናቸው። ሁሉም እውነተኛ ጉዳዮች ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ያልተቋጩ። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ያልተፈጸመ ጉዳይ ያለበት ሰው ሌላ ሥራ ሲሠራ ጉዳዩ እየመጣ ይረብሸዋል፤ መቼና እንዴት እንደሚፈጽመው በዝርዝር ሲያቅድ ግን ገና ሳይፈጽመው እንኳ ረብሻው ይቀንሳል። አእምሮ የሚፈልገው የጉዳዩን ማለቅ ብቻ አይደለም፤ አለመረሳቱን ማረጋገጥ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የደብተራቸውን የመጨረሻ ገጽ አስከፍታቸዋለሁ። ገጹ በመስመር ለሁለት ይከፈላል። በግራ በኩል በጥናት መካከል የመጣው ሐሳብ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ በቀኝ በኩል መቼና ከማን ጋር እንደሚታይ። ከዚያ ወደ ጥናት መመለስ ነው። ቀላል ይመስላል። የሚበላሸው ግን ሦስት ነገሮች ሲዘነጉ ነው፤ እኔም የምከራከረው በሦስቱ ላይ ነው።

አንደኛው ቋንቋ ነው። ልጆቻችን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረው ከ9ኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። አንዳንድ መምህራን «የጽሑፍ ልምምድም ይሁንላቸው» ብለው ይህንንም ገጽ በእንግሊዝኛ ያስጽፋሉ። በፍጹም አልስማማም! ጭንቀት የሚጻፈው በመጣበት ቋንቋ ነው። እናቱ በአፋን ኦሮሞ ያዋየችውን ችግር በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ልጅ ችግሩን ትቶ ሰዋስው ሲያርም ይውላል። ያ ገጽ አይታረምም፤ ማርክም አይሰጠውም፤ እኔም አላነበውም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። «በኋላ» ቀጠሮ አይደለም። «ዛሬ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ለአባቴ ደውዬ ስለ በሬው እጠይቃለሁ» ግን ቀጠሮ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ቃልን መጠበቅ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ሲደርስ ልጁ ገጹን ካልከፈተ ዘዴው በሳምንቱ ይሞታል። አእምሮ ማታለያውን ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰጠውን ቀጠሮ ሁሉ አይቀበልም። «ሞክሬው አልሠራልኝም» የሚሉኝን ተማሪዎች የማታው ሰዓት ላይ ምን እንዳደረጉ እጠይቃቸዋለሁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ቀጠሮ የማይያዝለት ሐሳብስ? ልጆቹን ከሁሉ በላይ የሚያደክማቸው «ብወድቅስ?» የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት የጀመረው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያ ዙር ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ቁጥሩን የማያውቅ ተማሪ የለም። «አይዞህ፣ ታልፋለህ» ማለት ለዚህ ልጅ መልስ አይሆንም፤ የማናውቀውን ቃል እየገባንለት መሆኑን እሱም ያውቃል። እኔ ጥያቄውን በቀኝ በኩል እንዲመልስ አደርጋለሁ። ብወድቅ ምን አደርጋለሁ? የአቅም ማሻሻያ (ሬሚዲያል) ትምህርት አለ፤ በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን አለ፤ ቴክኒክና ሙያ አለ። በጽሑፍ የተቀመጠ መውደቅ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ስለሚያሳይ ሌሊት የሚያባንን ጨለማነቱን ያጣል። ይህን የሚያደርግ መምህር ተስፋ ያስቆርጣል የሚሉ አሉ። የማየው ተቃራኒውን ነው፤ መውደቅን ፊት ለፊት ያየ ልጅ ጥያቄው ላይ ዐይኑን ማሳረፍ ይችላል።

አንድ ባልደረባዬ በስልኩ ከሚያያቸው ቪዲዮዎች የተማረውን የአተነፋፈስ ልምምድ ያሠራቸዋል። ዐይን ጨፍኖ፣ ሆድ ድረስ ስቦ፣ ቀስ ብሎ ማስወጣት። አልቃወመውም፤ ልብ ያረጋጋል፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ያሳርፋል። እሱ ግን «አእምሯችሁን ባዶ አድርጉ» ሲላቸው እዚያ ላይ እንለያያለን። የኪራይ ጉዳይ በትንፋሽ አይወጣም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጫት ይዞ የማደር ልማድ ነው። የቀን ጭንቀቱን ሳይነካ እንቅልፉን የሚወስድበት ልጅ ጠዋት ጭንቀቱንም ድካሙንም ይዞ ይነሣል። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም፤ ገጹን ጽፎ መተኛት ነው።

የፈተናው ሳምንት የዘዴው እውነተኛ መለኪያ ነው። ልጆቹ ስልካቸውን ቤት ትተው፣ በማያውቁት ዶርም፣ ከማያውቁት ልጅ አጠገብ ያድራሉ። ወላጅ የለ፣ መምህር የለ። ወረቀትና እስክሪብቶ ግን አለ። ራሚሬዝና ቤይሎክ በ2011 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳሳዩት ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ስለ ፍርሃታቸው የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ፈተና አብዝተው የሚፈሩት ነበሩ። ምክንያቱ ስውር አይደለም። ስናሰላ ቁጥሩን ይዞ የሚያቆየው የአእምሮ ክፍል ጠባብ ነው፤ ፍርሃት ከያዘው ለስሌቱ ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ለተማሪዎቼ «ጠዋት ጻፉ፣ ወረቀቱን ዶርም ትታችሁ ውጡ» እላቸዋለሁ።

ከዞናችን ከምዕራብ ሸዋ የወጣ አንድ ሰው ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። የጀልዱው ተወላጅ ፈይሳ ሌሊሳ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ተቃውሞውን ለዓለም አሳየ። ይህን ለማድረግ ከወራት በፊት ወስኖ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። በአገሩ ሰው ይሞት ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹ አገር ቤት ነበሩ። ከዚህ የከበደ ሐሳብ ይዞ የሮጠ ሰው አላውቅም። እኔ እንደምረዳው፣ ያ ሐሳብ የሚወጣበት ቦታና ሰዓት አስቀድሞ ተወስኖለት ስለነበር እስከ መጨረሻው መስመር እግሩን አልያዘውም።

እኔም የጀልዱ ልጅ ነኝ። አባቴ ገብስና ድንች የሚያመርት፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነበር። ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የቀኑን ጉዳይ አንድ በአንድ ይጠራ ነበር፦ «የድንበሩ ነገር ለሽማግሌዎቹ ቀን፤ የጨው ነገር ለገበያ ቀን፤ የልጁ ደብተር ነገ ጠዋት።» ጠርቶ ሲጨርስ ይተኛል፤ እንቅልፉም የሰላም ነበር። ችግር አጥቶ አልነበረም፤ ሁሉም ቀን ስላለው ነው። ተመራማሪዎቹን ያነበብኋቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እሱ በአፉ ሲጽፈው እያየሁ ያደግሁ ልጅ ስለሆንኩ አልተገረምኩም።

አባቴ ሲሞት ሐዘን ቀጠሮ አይቀበልም ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን የምሽቱን ሰዓት ለእሱ ሰጠሁ። ያን ሰዓት አለቀስኩ፣ ጻፍኩ፣ ከእናቴ ጋር ስለ እሱ አወራሁ። ቀን ቀን ደግሞ ጠመኔ ይዤ ተማሪዎቼ ፊት ሙሉ ሰው ሆኜ ቆምኩ። ሥራዬን ያቆየልኝ፣ ሐዘኔንም ሳላቃልለው እንድይዘው ያደረገኝ ይህ ልማድ ነው። ለዚህ ነው ስለ አንድ የደብተር ገጽ ይህን ያህል የምከራከረው።

በምዕራብ ሸዋም ሆነ በሌላ ቦታ ለምታስተምሩ ባልደረቦቼ፦ ከማጠናከሪያው ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ለዚህ ገጽ ስጡ። ከትምህርቱ የተወሰደ ጊዜ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ ልጁ በሐሳብ ርቆ የተማረው አንድ ሰዓት በልቡ እዚያው ሆኖ ከተማረው ሃያ ደቂቃ ያንሳል። ገጹን አታንብቡባቸው፣ አታርሙባቸው። የማታውን ሰዓት መጠበቃቸውን ብቻ ጠይቋቸው።