ስለ ዋላ አዳኝ ቢላዋና መሣሪያ አመራረጥ

በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ፥ ይልቁንም በጥቅምትና በኅዳር ወራት፥ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች የአደን ፈቃድ እየገዙ ዋላ ለማደን ወደ ዱር ይወጣሉ። ስለዚሁ አደን ብዙ መጽሐፍና ብዙ መጽሔት ታትሟል። ከተጻፈውም ውስጥ ሰፊ ቦታ ከያዙት ጉዳዮች አንዱ፥ አዳኙ ዋላውን ከጣለ በኋላ እዚያው በወደቀበት ስፍራ ሆድ ዕቃውን ለማውጣትና ሥጋውን ለማሰናዳት ምን ዓይነት ቢላዋ ይያዝ የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው አደኑን ሳይሆን ይህንኑ ምክር ነው። ባጭሩ ለመናገር፥ ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራው በፊት ዕቃውን ያስቀድማል ብለን እንነቅፈዋለን፤ ነቀፋችንም ከምን እንደ ተነሣ በቅደም ተከተል ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ዛሬ ብዙዎች ይህን የፈረንጅ አገር እንስሳ «አጋዘን» እያሉ ይተረጕሙታል። ነገር ግን አጋዘን በአገራችን የሚገኝ፥ ቀንዱም የማይወልቅ የዱር እንስሳ ነው። የፈረንጁ እንስሳ ቀንድ ግን ድፍን አጥንት ሲሆን በየዓመቱ ወልቆ እንደ ገና ይበቅላል። የዚህ ወገን የሆነ እንስሳ በአፍሪካ በተፈጥሮው የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፥ በአልጄሪያና በቱኒዚያ አካባቢ ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም የተለመደውን «ዋላ» የሚለውን ስም መርጠናል። በአገራችን ስለሌለ እንስሳ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ በየበዓሉ በግቢው በግ የሚያርድ ሕዝብ ስለ ቢላዋና ስለ ሥጋ የሚሰጠውን ምክር ለመመርመር ዕውቀቱም መብቱም አለው ብለን እንመልሳለን። ከዚህም ሌላ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጥቂቶች ስላልሆኑ፥ ከነርሱ መካከል የሚያድን ወይም ከጎረቤቱ የዋላ ሥጋ የሚቀበል መኖሩ አይቀርም።

ቢላዋውን ከመምረጥ በፊት ሥራውን ማወቅ ይገባል። ዋላው ሲወድቅ የገላው ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ሥጋው እንዳይበላሽ ይህ ሙቀት ቶሎ ወጥቶ ወደ 4 ዲግሪና ከዚያም በታች መውረድ አለበት። ሙቀቱን አምቆ የሚይዘው ሆድ ዕቃው ስለ ሆነ በመጀመሪያ የሚወጣው እርሱ ነው። አዳኙ በፊንጢጣው ዙሪያ ቈርጦ አንጀቱን በሲባጎ ያስራል፤ የሆዱን ቆዳ ከታች እስከ ደረት ይሰነጥቃል፤ ሆድንና ደረትን የሚለየውን መጋረጃ ከጐድኑ ያላቅቃል፤ የአየር ቧንቧውንም በተቻለው መጠን ወደ አንገት ጠልቆ ይቈርጣል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ባንድነት ወደ ውጭ ይሳባል። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ብዙ ኀይል የሚጠይቅ ነገር የለም። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው፤ ጨጓራው ወይም አንጀቱ ቢቀደድ ፈርስ፥ ፊኛው ቢበሳ ሽንት በሥጋው ላይ ይፈስሳልና። እንግዲህ የዚህ ሥራ ቢላዋ የሚመዘነው በሚቈርጠው ብቻ አይደለም፤ ሳይነካ በሚያልፈውም ነው። ሚዛናችን ይህ ስለ ሆነ ምክሩን ሁሉ በዚሁ እንመዝነዋለን።

የመጀመሪያው ስሕተት ትልቅነትን መውደድ ነው። በ1827 በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በተደረገ ጠብ ጂም ቦዊ የተባለ ሰው በትልቅ ቢላዋ ተዋግቶ ስሙ ከተሰማ ወዲህ፥ «የቦዊ ቢላዋ» የተባለው ረጅምና ወፍራም ስለት በብዙ ሰው ዘንድ የጀግና አዳኝ ምልክት ሆነ። ልብ እንበል፤ ይህ ቢላዋ ዝናውን ያገኘው ሰው በመውጋት እንጂ እንስሳ በማሰናዳት አይደለም። ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስ «ነስሙክ» በሚል የብዕር ስም በ1884 ባሳተመው «ውድክራፍት» በተባለው መጽሐፉ በገበያ የሚሸጠውን የአዳኝ ቢላዋ ነቅፎ፥ እርሱ ራሱ ስለቱ ቀጭን የሆነ ቢላዋ፥ የኪስ ሰንጢና ትንሽ መጥረቢያ ይዞ እንደሚሄድ ገልጿል። ሆራስ ኬፋርትም በ1906 ባወጣው መጽሐፉ የቦዊውን ዓይነት ቢላዋ እጅግ ወፍራምና ለሥራ የማይመች ነው ሲል ተችቷል። ቦብ ላቭለስ (1929–2010) የተባለው ቢላዋ ሠሪ ደግሞ ጫፉ ከጀርባው መስመር ዝቅ ያለ አጭር የአዳኝ ቢላዋ በሰፊው እንዲታወቅ አድርጓል፤ የጫፉ ዝቅ ማለትም ሆድ በሚሰነጠቅበት ጊዜ አንጀትን ከመውጋት ይጠብቃል።

እንግዲህ ትክክለኛው ዕውቀት ከተጻፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ትልቁ ቢላዋ ዛሬም በየሱቁ መስኮት ተሰቅሎ ገዥ ያገኛል። በአገራችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚባል ተረት አለ። በወገብ ላይ የሚንጠለጠለው ረጅም ቢላዋ የፈረንጅ ጎፈሬ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

እኛም ብንሆን ከዚህ ስሕተት ንጹሓን አይደለንም። ባለፈው ፋሲካ ሦስት ጓደኛሞች ያነበብነውን በእጃችን ለመፈተን ብለን፥ በአንደኛችን ዘመድ ቤት የታረደውን በግ ራሳችን እንድናሰናዳ ተፈቅዶልን ነበር። በግና ዋላ አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን። በጉ ተሰቅሎ አስቀድሞ ይገፈፋል፤ ዋላው ግን በመሬት ላይ እንደ ተጋደመ ከነቆዳው ይሰነጠቃል። በግ ሲበለት ሁሉም የሚፈራው ሐሞቱ እንዳይፈስ ነው፤ ዋላ ግን ከነጭራሹ የሐሞት ከረጢት የለውም። ይሁን እንጂ የጨጓራው፥ የአንጀቱና የመጋረጃው አቀማመጥ በሁለቱም ተቀራራቢ ነው። ከገበያ ገዝተን የወሰድነው ቢላዋ የስለቱ ርዝመት 20 ሴንቲ ሜትር ነበር። ሆዱን መሰንጠቅ እንደ ጀመርን ጫፉ ከዓይናችን ተሰወረ፤ ወዲያውም ጨጓራውን በሳነውና ፈርሱ ወጣ።

የቤቱ ጌታ አልተቈጡንም። ከወጥ ቤት በመሳል ብዛት ስለቷ ያለቀ አንዲት ትንሽ ቢላዋ አስመጡና «ልጆቼ፥ ሆድ ውስጥ የሚያየው ዓይን አይደለም፤ ጣት ነው» አሉን። ከዚያም ሁለት ጣታቸውን ወደ ሆዱ አግብተው፥ በጣቶቻቸው መካከል ስለቱን ወደ ውጭ አዙረው፥ አንጀቱን በእጃቸው ጀርባ ወደ ኋላ እየገፉ እስከ ደረቱ ድረስ ሰነጠቁት። በአሜሪካ የታወቁ አዳኞች የሚመክሩት ዘዴ ይኸው ራሱ ነው። ለዋላ ደግሞ ሌላ ጥቅም ይጨምራል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚቈርጥ ስለት ጠጕሩን ስለማይመታ ቶሎ አይደነዝም፥ የተቈረጠ ጠጕርም በሥጋው ላይ አያፈስስም። ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስለት ይበቃል የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጣት የማይደርስበት ጫፍ ጌታ የለውም።

ሁለተኛው ስሕተት በብረት ስም መመካት ነው። የሻጮች ጽሑፍ የብረቱን ቍጥርና ፊደል ደርድሮ ገዥውን ያስደንቃል። እርግጥ ነው፥ ብረት ከብረት ይለያል። ክሮሚየም በብዛት የገባበት ብረት ደም ሲነካው ቶሎ አይዝግም፤ ተራው የካርቦን ብረት ግን ካልተጠረገ ይዝጋል። እጅግ የጠነከረ ብረት ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ነገር ግን ሲደነዝ ለመሳል ያስቸግራል፥ ሲጣመምም ለመሰበር ይቀርባል። ስለዚህ ባንድ ወገን የተገኘው ጥቅም በሌላ ወገን ይከፈላል። ለአንድ ዋላ በደንብ የተሳለ ተራ ብረት ሲበቃ፥ የደነዘ ስመ ጥር ብረት ግን አይበቃም። የደነዘ ቢላዋ በኀይል ይገፋል፤ በኀይል የተገፋ ቢላዋም ሲያመልጥ የሚያገኘው የባለቤቱን እጅ ነው። እንግዲህ ስለ ብረቱ ሦስት ገጽ ጽፎ ስለ መሳያ ድንጋይና ስለ ሞረድ ዝም የሚል ምክር ጎደሎ ነው እንላለን።

ከዚሁ ጋር ስለቱ እየወለቀ የሚለወጠውን አዲሱን ዓይነት ቢላዋ ማንሣት ይገባል። ስለቱ እንደ ሐኪም ምላጭ ቀጭን ስለ ሆነ ለመግፈፍ በጣም ይመቻል፤ መሳልም አያስፈልገውም። ነገር ግን በመገጣጠሚያ ውስጥ ቢጠመዘዝ ሊሰበር ይችላል፤ ስባሪውም በሥጋው ውስጥ ከቀረ ለበላተኛው አደጋ ነው። ስለዚህ ይህ ቢላዋ ለአንድ ሥራ ጥሩ ረዳት ነው እንጂ ብቻውን አይበቃም። በቢላዋ ጀርባ ላይ የሚሠራው መንጠቆም እንዲሁ ነው፤ ሆድ ለመሰንጠቅ ይረዳል፥ ግን በጠጕርና በስብ ሲሞላ መቍረጡን ይተዋል፥ ለመሳልም ያስቸግራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ስሕተት መጋዝና መጥረቢያን እንደ ግዴታ መቍጠር ነው። የዳሌውን አጥንት ለመሰንጠቅ፥ የደረቱን አጥንት ለመክፈት፥ አከርካሪውንም ለሁለት ለመክፈል መጋዝ ያዙ የሚል ምክር በየጊዜው ይነበባል። እናቶቻችን ግን ዶሮን 12 ብልት የሚያወጡት በአንዲት ቢላዋ፥ አብዛኛውንም መገጣጠሚያውን በጣት ፈልገው በመለያየት ነው። የዋላም ገላ ይህን ዘዴ ይቀበላል። የፊት እግሩ ከደረቱ ጋር የተያያዘው በጡንቻ እንጂ በአጥንት ስላልሆነ በቢላዋ ብቻ ይለያል፤ የኋላ እግሩም ከዳሌው መገጣጠሚያ ይወልቃል፤ ሽንጡም ከአከርካሪው ጎን ተገፎ ይወጣል።

ይህ የሙያ ኩራት ብቻ አይደለም፤ የጤና ጉዳይም ነው። በ1967 በኮሎራዶ በምርምር ስፍራ በነበሩ ዋላዎች ላይ እንስሳውን እያከሳ የሚገድል በሽታ ታየ። በ1978 አንጎልን እየበሳሳ ከሚያጠፋው የበሽታ ወገን መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ከ30 በሚበልጡ የአሜሪካ ግዛቶች ተገኝቷል። መንሥኤው ፕሪዮን የተባለ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ሲሆን፥ ይልቁንም በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ባለው ነርቭ ይከማቻል። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ሆኖም የጤና ባለ ሥልጣኖች በሽታው በሚገኝበት አካባቢ የተገደለ ዋላ እንዲመረመር፥ በሽታው ከተገኘበትም ሥጋው እንዳይበላ ይመክራሉ። አከርካሪውን የሚሰነጥቅ መጋዝ ግን ከሁሉ አብልጦ ሊፈራ የሚገባውን ነገር በሥጋው ላይ ይበትናል።

በዚሁ ምክንያት የቢላዋው መታጠብ ከመሳሉ ያላነሰ ነገር ሆኗል። ፕሪዮን በተለመደው መቀቀል አይጠፋም። በ2019 የታተመ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ተመራማሪዎች ሥራ እንደሚያሳየው፥ የቤት በረኪና ከውኃ ጋር 40 በመቶ ተደርጎ ተበጥብጦ ለ5 ደቂቃ ቢነከርበት ከብረት ላይ ያለውን ፕሪዮን ያጠፋል፤ ወደ ሥጋ ቍራጭ ውስጥ ግን ዘልቆ አይገባም። እንግዲህ ቅሪት የሚደብቅ መሣሪያ ሁሉ ሊነቀፍ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀው ባክ 110 እና እርሱን የመሰሉት ታጣፊ ቢላዋዎች ለኪስ ይመቻሉ፥ ይጠነክራሉም፤ ነገር ግን ደምና ስብ በማጠፊያቸው ውስጥ ይቀራል። የቆዳ ሰገባም ደም ይጠጣል። ውበት ያለው የቀንድ እጀታ ለግድግዳ እንጂ ለበረኪና አልተሠራም።

ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። ከ400 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ሙስ የተባለውን ትልቅ የዋላ ዘመድ ከመንገድ ርቆ የገደለ ሰው ያለ መጋዝ እንዴት ይሆናል ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን እንዲህ ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ ቢሸከም ይሻለዋል፤ ሸክሙ ይቀልለታልና። ቀንዱን ከራስ ቅሉ ጋር ቈርጦ ለመውሰድ የሚፈልግም መጋዙን ለዚያ ብቻ ለይቶ ይያዝ፥ ሥጋውም ከተነሣ በኋላ ይሥራበት። ስለዚህ መጋዝን ፈጽሞ አንከለክልም፤ ከሥጋው አጠገብ እንዲርቅ ብቻ እንጠይቃለን።

ሐሳባችንን ስንጠቀልለው፥ ለዋላ አዳኝ የሚያስፈልገው ስለቱ አጭርና የማይታጠፍ አንድ ቢላዋ፥ በደም የማያዳልጥና በወደቀ ቅጠል መካከል ሲጠፋ እንዲታይ ደማቅ ቀለም ያለው እጀታ፥ ትንሽ መሳያ፥ ጥቂት ሲባጎ፥ የእጅ ጓንትና ንጹሕ ውኃ ነው። ይህ ሁሉ የአንድ ትልቅ ቢላዋ ዋጋ ላያወጣ ይችላል፤ ምናልባትም በመስኮት የማይሰቀለው ስለዚህ ይሆናል። እኛ ዋላ አድነን ስለማናውቅ በጠመንጃው ላይ አንፈርድም። ነገር ግን እንስሳውን ገድሎ ሥጋውን በገዛ ቢላዋው የሚያበላሽ ሰው ሁለት ጊዜ እንደ በደለ፥ በዚያ በፋሲካ በግ ላይ ራሳችን ተምረነዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት አግኝቶ የሚያርመን መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር እርማቱን በደስታ እንቀበላለን።