ኃይለ ቃሉን የት እናስቀምጠው?

ትምህርት ቤት ስለ አንቀጽ የተማርነው ነገር በሦስት መስመር ያልቃል። አንድ አንቀጽ አንድ ዋና ሐሳብ ይይዛል፤ ዋናውን ሐሳብ የተሸከመው ዓረፍተ ነገር ኃይለ ቃል ይባላል፤ ኃይለ ቃሉ መጀመሪያ፣ መካከል ወይም መጨረሻ ላይ ሊገኝ ይችላል። ለፈተና ይሄ ይበቃል፤ «የአንቀጹ ኃይለ ቃል የቱ ነው?» ሲባል አስምረን እናልፋለን። ለመጻፍ ግን አይበቃም። ሕጉ ኃይለ ቃሉ የት የት እንደሚገኝ ይዘረዝራል እንጂ እዚያ ስናስቀምጠው አንባቢው ላይ ምን እንደሚደርስ አይነግረንም።

አማርኛ ላይ ደግሞ የቦታው ጥያቄ ከአንዳንድ ቋንቋዎች ይከብዳል። የእኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ የሰዋስው መጻሕፍት «ማሰሪያ አንቀጽ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። እሱ እስኪመጣ ሁሉም ነገር ልቅ ነው። «ሚኒስትሩ ባለፈው ሳምንት ስለ ነዳጅ ዋጋ የተናገሩትን» ብሎ የጀመረ ሰው «ደገሙ» ይበል «አስተባበሉ» የምናውቀው ጫፉ ላይ ስንደርስ ነው። እስከዚያ ሁሉንም በጭንቅላታችን ተሸክመን እንጓዛለን። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይሄን ያውቀዋል፦ የተከፈተ ቅንፍ እስኪዘጋ ድረስ ቦታ ይይዛል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ፍሬውን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ፣ አንቀጹም በተራው ፍሬውን መጨረሻ ላይ ከደበቀ፣ አንባቢው ላይ ሸክም በሸክም እየጨመርን ነው። ስለዚህ ለማስረዳት በሚጻፍ አማርኛ ኃይለ ቃሉ ወደ መጀመሪያው ይጠጋ ባይ ነኝ።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ይሄን አንቀጽ አንብቡት፦

«የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር 13 ወራት አሉት። ብዙ አፕሊኬሽኖች ቀን ይሳሳታሉ። ጳጉሜን አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 6 ቀን ናት። አዲስ ዓመታችን መስከረም 1 ነው። ከፈረንጆቹ ጋር ያለን ልዩነት አንዴ 7፣ አንዴ 8 ዓመት ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።»

እዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ችግሩ የትኛው የትኛውን እንደሚያስረዳ አለመታወቁ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹን ብታዘበራርቋቸው ምንም አይጎድልም፤ ይሄ ራሱ በቂ ማስረጃ ነው። ከሁሉም የባሰው «ስለዚህ» ነው። «ስለዚህ» ማለት «ከላይ ያልኩት ወደዚህ ያደርሳል» ማለት ነው፤ ከላይ የተባለው ግን ወደ የትም አላደረሰም። አሁን ይሄኛውን ተመልከቱ፦

«የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን መቀየር 8 ዓመት ደምሮ መገላገል አይደለም። ልዩነቱ ራሱ በዓመቱ መካከል ይቀያየራል፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ማብቂያ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ደግሞ 8 ነው። ዓመቱን ብናስተካክል እንኳ ቀኑ ይንሸራተታል፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ተከታዩ መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይገፋል። ስለዚህ አፕሊኬሽኑ የሚያስፈልገው የመደመር ምልክት ሳይሆን ወሩንና ቀኑን የሚያይ ስሌት ነው።»

መረጃው ያው ነው ማለት ይቻላል። የተለወጠው መጋጠሚያው ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይከራከራል፤ ሁለተኛው «ልዩነቱ ራሱ» ብሎ ከእሱ ላይ ይነሳል፤ ሦስተኛው በ«እንኳ» አንድ ደረጃ ይወጣል፤ የመጨረሻው «ስለዚህ» ደግሞ የሚናገረውን ነገር ሠርቶ ያገኘው ነው። 13 ወራት የሚለው መስመር እውነት ቢሆንም ወጥቷል፤ እዚህ አንቀጽ ውስጥ ሥራ የለውም።

በኛ ሙያ «አንድ ፈንክሽን አንድ ሥራ ይሥራ» የሚባል ምክር አለ፤ ብዙ ጓደኞቼ አንቀጽንም እንደዚያ ያዩታል። ግማሹ ልክ ነው። ፈንክሽንን ግን ከፈለግንበት ቦታ መጥራት እንችላለን፤ አንቀጽ የሚነበበው ከፊቱ ካለው በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ መሥራቱ አይበቃም፤ ከቀደመው ተቀብሎ ለሚቀጥለው ማቀበል አለበት። «አንቀጽ» የሚለው ቃል በግዕዝ በር ማለት ነው፤ አንቀጸ ብርሃን የሚለውን ስም ያስታውሷል። በር ደግሞ ሁለት ወገን አለው።

«ታዲያ ሰምና ወርቁስ?» የሚል አይጠፋም። ቅኔ ወርቁን ይደብቃል፣ ተራኪም የነገሩን ጫፍ ያቆያል፤ እዚያ ፍለጋው ራሱ ደስታ ነው። ለምን ዋጋ እንደጨመረ ወይም መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ በሚያስረዳ ጽሑፍ ግን ማንም ፍለጋ አልመጣም።

አሁን ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የገነነው አጻጻፍ ደግሞ ከሁለቱም የለም። አንድ መስመር። ክፍተት። ሌላ መስመር። በቃ። የስልክ ስክሪን ጠባብ ስለሆነ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ የ12 ዓረፍተ ነገር አንቀጽ ስልክ ላይ ግድግዳ ይሆናል። መልሱ ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ እንጂ የተበጣጠሰ መስመር አይደለም። ለብቻው የቆመ መስመር «ምክንያቱም» የለውም። ስክሪንሾት ተነስቶ ሲዞር ወይ ይወደሳል ወይ ይሰደባል፤ መልስ ግን ሊሰጠው አይችልም። አንቀጽ ላይ «ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይከተልም» ብዬ ጣቴን መቀሰር እችላለሁ። መስመሮቹ ላይ የምቀስርበት መጋጠሚያ የለም። ስለ መሬት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ብሔር በዚህ ዓይነት መስመር ስንነጋገር የምናጣው ውበት ብቻ አይደለም፤ ሳንጣላ የምንለያይበትን ቦታ ነው።

የጻፋችሁትን ለመፈተን አንድ ቀላል መንገድ አለ። የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ አውጥታችሁ በተርታ አንብቡ። ክርክሩ በግርድፉ ከተሰማችሁ ደህና ነው። ካልተሰማችሁ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ኃይለ ቃሉ የት እንደገባ ፈልጉት፤ እናንተ ካላገኛችሁት አንባቢው አያገኘውም።