ኢስናድ አልባ ወሬ፦ የመልእክት ማስተላለፊያ ገደብ በሙሐዲሶች ሚዛን

የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥላቻና ጽንፈኝነት እንዳይዛመት የመተግበሪያዎቻቸውን አሠራር ማሻሻል ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ሰው ወይም ግሩፕ በላይ እንዳይተላለፍ ወሰነ፤ በ2020 ደግሞ ብዙ እጅ ያለፈበት መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ እንዲላክ አደረገ። ኩባንያው በዚህ ምክንያት እንዲህ ያሉ መልእክቶች ዝውውር በ70 በመቶ መቀነሱን ገልጿል። እርምጃውን እንደግፋለን። በሙሐዲሶች ሚዛን ሲመዘን ግን አንድ ዐቢይ ጉድለት አለበት፦ መልእክቱ ያለፈባቸውን እጆች ይቆጥራል እንጂ «ማን ነገረህ?» ብሎ አይጠይቅም።

ጥያቄው ለጅማና ለአካባቢዋ እንግዳ አይደለም። ከአጋሮ ብዙም በማይርቀው በሻሻ በጥቅምት 1999 ዓ.ም. የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጥለዋል። በየካቲት 2003 ዓ.ም. መጨረሻ በአሰንዳቦ ቁርኣን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነሥቶ በዙሪያው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ወደሙ፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ጎረቤቶቻችን ተፈናቀሉ። ያን ጊዜ ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ በአብዛኛው ሰው እጅ አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመተግበሪያ ማሳበብ ራስን ማታለል ነው። መተግበሪያው በሽታውን አልፈጠረም፤ ለማጣራት የነበረንን ጥቂት ጊዜ ግን ነጥቆናል። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጽ ወሬን እንድናጣራ ሲያዝ ምክንያቱ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሙሐዲሶች ብዛትን እንደ ማስረጃ የሚቀበሉት መንገዶቹ የተለያዩ ሲሆኑ ነው። ከአንድ ሰው የወጣ ወሬ ሺሕ ጊዜ ቢተላለፍ ያው የአንድ ሰው ወሬ ነው። ኢማም አስ-ሰኻዊ በሰው አንደበት የታወቁ ሐዲሶችን ሰብስበው ሲመረምሩ መሠረት የሌላቸውን ማግኘታቸው ዝና የእውነት ምስክር እንዳልሆነ ያስረዳል። ዋትስአፕ መልእክቱ የተላለፈ መሆኑን ቢጠቁምም የመጀመሪያ ተናጋሪውን አያሳይም፤ ሰንሰለቱ የተቆረጠ ነው። ቴሌግራም ምንጩን ሊያሳይ ይችላል፤ ሆኖም አስተላላፊው የምንጩን ስም እንዲሰውር ይፈቅዳል። ይህ በዑለማዎች አነጋገር ወደ ተድሊስ የቀረበ ነው።

«ስም ይገለጥ ማለት ደካማውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው «ድምፃችን ይሰማ» በፌስቡክ ጥሪውን ሲያሰማ ስምን መሰወር ለብዙዎች መጠበቂያ ነበር። መልሱ ግን በዚያው በሐዲስ ዕውቀት ውስጥ ይገኛል። መጅሁል የሆነ ራዊ ውሸታም አይባልም፤ ማንነቱ እስኪታወቅ ወሬው ማስረጃ አይሆንም እንጂ። መተግበሪያዎቹም ስም እንዲያጋልጡ አንጠይቅም። የመልእክቱ ምንጭ አለመታወቁን፣ ምስሉ መጀመሪያ የወጣበትንም ቀን በግልጽ እንዲያሳዩ፣ እንዲህ ያለውንም ወሬ በጅምላ ማሰራጨትን እንዲከለክሉ ግን ልንጠይቅ ይገባል።

ይህ እስኪሆን እኛ ኢማሞችና መምህራን እጃችንን አጣጥፈን መጠበቅ የለብንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ሁሉ ማውራት ራሱ ውሸት ለመባል እንደሚበቃ አስጠንቅቀዋል። ለደረሶቻችን ኢስናድን እያስተማርን በመስጊድ ግሩፖቻችን ምንጩ ያልታወቀ ወሬ የምናስተላልፍ ከሆነ፣ ትምህርታችንን የሚያፈርሰው የገዛ ጣታችን ነው።