ሣጥኑ ላይ ያለው «1200» አያታልልዎ

ርካሽ ማይክሮስኮፕ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሣጥኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር ነው፤ «1200 ጊዜ ያጎላል»። ይለፉት። ፊኛ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ፊኛው ሲነፋ ይተልቃል እንጂ አይጠራም። ሆላንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1676 ስለ ረቂቅ ሕዋሳት የጻፈው በአንዲት ሌንስ ብቻ እያየ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከቆዩት መሣሪያዎቹ ምርጡ የሚያጎላው 270 ጊዜ ገደማ ነው።

የሚታመነው ጽሑፍ ያለው ወደ ናሙናው በሚቀርበው ሌንስ ጎን ላይ ነው። «40/0.65» የሚል ካዩ፣ 40 ጉላቱ ነው፤ 0.65 ደግሞ ሌንሱ ከናሙናው የሚመጣውን ብርሃን ምን ያህል በሰፊው እንደሚቀበል የሚናገር ልክ ነው። ተጠጋግተው ያሉ ሁለት ነጥቦች ተለይተው መታየት አለመታየታቸው በዚህ ልክ ይወሰናል። ልኩን በ1000 ያባዙት፤ ጠቅላላ ጉላቱ ከዚያ ካለፈ የሚጨምረው አዲስ ነገር የለም። ስለዚህ 0.65 ይዞ «1200» የሚለው ሣጥን ግማሽ ያህሉ ወሬ ነው። ልኩ ጭራሽ ካልተጻፈበት፣ ለእኔ ዕቃው የልጆች መጫወቻ ነው።

ለሽንኩርት ስስ ሽፋን፣ ከጉንጭ ውስጥ ለተፋቀ ሕዋስ፣ ለኩሬ ውኃ ይህ ባለ 40 ሌንስ ይበቃል። ባክቴሪያ ግን ሌላ ነው። እርጎ ውስጥ ያሉት ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎች ውፍረታቸው አንድ ማይክሮሜትር ቢሞላ ነው፤ በ40 ቀጫጭን ጭረት ሆነው ይታያሉ። ቅርጻቸውን አጥርቶ ለማየት በዘይት የሚሠራው «100/1.25» ሌንስና እንደ ሜቲሊን ብሉ ያለ ማቅለሚያ ያስፈልጋል። ይህን ሌንስ ያለ ዘይቱ መጠቀም ገንዘብ መጣል ነው።

ሻጮች የማያነሡት፣ እኔ ግን ቀድሜ ጎንበስ ብዬ የማየው፣ ከናሙናው ማስቀመጫ ሥር ያለውን ኮንደንሰር ነው። ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ናሙናው የሚልከው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ውዱ ሌንስ አቅሙን አያሳይም። ከፍና ዝቅ የሚል፣ ቀዳዳው የሚጠብና የሚሰፋ ይሁን። ቀለም ያልነካው ሕዋስ ጠርዙ ጎልቶ የሚወጣው ቀዳዳው ጠበብ ሲል ነው።

በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙት ትንንሽ ካሜራዎች ለነፍሳት ክንፍ ጥሩ ናቸው፤ ባክቴሪያን አይጠብቁባቸው። በተመሳሳይ ዋጋ አዲስ ፕላስቲክና ያገለገለ የላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ቢቀርብልኝ ያገለገለውን እወስዳለሁ። ባለ አንድ ዓይን መሆኑም አያስከፋኝም።

ያገለገለ ሲሆን ግን ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንተው ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ገብቶበት እንደሆነ ይዩ። አስተካክለው ሲለቁት ማስቀመጫው በራሱ ክብደት ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነ ይተዉት። ከ10 ወደ 40 ሲያዞሩ ምስሉ ጥቂት ብቻ ተነክቶ መጥራት አለበት። ስላይድ ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ አስገብተው እንዲያዩበት ካልፈቀደ ገንዘብዎን አያውጡ።